ከማባረራችን በፊት፦ የጠባይ መታወክ ያለባቸውን ልጆች ስለመረዳት

ክቡራን ርዕሳነ መምህራን፣ ዩኒት ሊደሮች፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት፣ የተከበራችሁ ወላጆች፦

በየትምህርት ቤቱ ስሙ ከሰልፍ ሜዳ እስከ መምህራን ማረፊያ ክፍል የሚነሣ አንድ ልጅ አይጠፋም። ይደባደባል፣ የጓደኞቹን ገንዘብ ይቀማል፣ መስኮት ይሰብራል፣ አጥር ዘሎ ይጠፋል። ሰፈሩ «አሳዳጊ የበደለው» ይለዋል፤ ዩኒት ሊደሩ ደግሞ «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» ብሎ ከበር ይመልሰዋል። ልጁም አንዳንዴ ከመንገድ ያገኘውን ሰው ጥቂት ብር ሰጥቶ «አጎቴ ነው» እያለ ይዞት ይመጣል፤ ይህን የማያውቅ መምህር በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ልጅ ነው፤ የምከራከረውም እርሱን ማባረር ችግሩን እንደሚያባብሰው ለማሳየት ነው።

የአእምሮ ሕክምና «የጠባይ መታወክ» የሚለውን ስም ለአንድ ጥፋት ወይም ለአንድ መጥፎ ወር አይሰጥም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ 15 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ እነዚህም በሰውና በእንስሳት ላይ ጥቃት ማድረስን፣ ንብረት ማውደምን፣ ማታለልንና መስረቅን፣ እንዲሁም ከባድ የደንብ ጥሰትን የሚመለከቱ ናቸው። ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ ሦስቱ፣ ባለፉት 6 ወራት ደግሞ ቢያንስ አንዱ ታይቶ፣ የልጁን ትምህርት ወይም ከሰው ጋር ያለውን ኑሮ በግልጽ ሲያውክ ነው ምርመራው የሚጸናው። ከቤት መጥፋት ከምልክቶቹ አንዱ ቢሆንም፣ ልጁ የጠፋው ከድብደባ ወይም ከወሲባዊ ጥቃት ሸሽቶ ከሆነ እንደ ምልክት አይቆጠርበትም። በረንዳ የሚያድር ልጅ ለሆዱ ብሎ ዳቦ ቢሰርቅም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ይህን ስም በልጅ ላይ መለጠፍ የባለሙያ እንጂ የመምህራን ስብሰባ ሥራ አይደለም።

ችግሩ የጀመረበት ዕድሜም ብዙ ይናገራል። ቴሪ ሞፊት የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ በኒውዚላንድ ደኒዲን ከተማ በ1972 እና በ1973 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ከ1 ሺህ የሚበልጡ ልጆችን ለዓመታት ከተከታተለው ጥናት ተነሥተው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ሁለት መንገዶችን ለይተው አሳይተዋል። በጉርምስና ከጓደኛ ጋር የተጀመረው አጥፊነት በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ይበርዳል። ከ10 ዓመት በፊት የጀመረው ግን ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከትኩረት ማጣትና ከቅብጥብጥነት፣ ከቋንቋና ከንባብ ችግር፣ ከቤት ውስጥ ጭካኔ ጋር ተቆራኝቶ ይገኛል። አራተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያልቻለ ልጅ «ተነሥና አንብብ» የሚባልበት ተራ ሲቃረብ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ በቡጢ ይመታል። ወዲያው ከክፍል ይባረራል፤ ከመዋረድም ይድናል። የቀጣው መምህር የፈለገውን እንደ ሰጠው አላወቀም።

ቤት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄራልድ ፓተርሰንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካዋ ኦሪገን ቤተሰቦችን በየቤታቸው ተገኝተው በመመልከት የደረሱበትን በእኛ ቤት ላስረዳ። እናት «ስልኩን አስቀምጥና ደብተርህን አውጣ» ትላለች፤ ልጁ ይነጫነጫል፤ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ እርሱ ይጮኻል፣ በሩን በኃይል ይዘጋል። ከሥራ ደክማ የገባች ናትና «እንደ ፍጥርጥርህ!» ብላ ትተወዋለች። ልጁ ጩኸት እንደሚያዋጣ ተማረ፤ እናትም ስትተወው ቤቱ ጸጥ ስላለላት መተውን ለመደች። በማግስቱ አባት ቀበቶ አንሥቶ ዝም ሲያሰኘው ደግሞ ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ ይማራል። ለዚህ ነው ዱላውም፣ በበርበሬ ማጠኑም ይህን ልጅ የማይመልሱት። በትምህርት ቤት ያለውን ዱላማ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ከከለከለው ቆይቷል።

ሕክምናው በአብዛኛው የሚጀምረው ከአሳዳጊዎች ነው። ወላጆች ለበርካታ ሳምንታት እየተገናኙ፣ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግን፣ ልጁ ያደረገውን መልካም ነገር ወዲያው ስሙን ጠርቶ ማመስገንን፣ ትንሽ ቅጣትን ያለ ቁጣ ሳያቋርጡ መፈጸምን ይለማመዳሉ። የጠባይ መታወክን ብቻውን የሚፈውስ መድኃኒት የለም፤ አብሮት ያለውን የትኩረት ችግር ማከም ግን ብዙ ይረዳል። ልጃቸውን ጸበል የሚወስዱ ወላጆችን አልቃወምም፤ ሐኪሙንም እንዳይተዉ ብቻ እለምናለሁ። አጥፊ የተባሉትን ታዳጊዎች ለይቶ አንድ ክፍል ሰብስቦ መምከር ግን፣ በቅን ልቦና ቢደረግም፣ አንዱ የሌላውን ጥፋት እንዲማር ያደርጋል። የተባረረውም ልጅ የሚሄደው ወደዚያው ዓይነት ጓድ ነው፤ የሚቆጣጠረው አዋቂ ግን አይኖርም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም ለአዋቂ በተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይቀጣም። ማስጠንቀቂያ ቆጥሮ የ12 ዓመት ልጅ የሚያሰናብት የትምህርት ቤት ደንብ ከወንጀል ሕጉ የከረረበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም። የተደበደበው ተማሪ ወላጅ ቁጣ ግን ይገባኛል፤ ልጁ ሊጠበቅለት ይገባል፤ የመቀመጫና የዕረፍት ሰዓት ለውጥም፣ የቅርብ ክትትልም ለዚህ ያገለግላሉ።

የሕፃናትና የወጣቶች የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ልጁን ቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው። ስለዚህ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በምንወያይበት ረቂቅ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ ማንኛውም ተማሪ ስለ ስንብቱ ከመወሰኑ በፊት የማንበብ ችሎታው ይፈተሽ፣ ዓይኑና ጆሮው ይመርመር፣ ቤቱ ውስጥ ጥቃት ይኖር እንደሆነ ልጁ ራሱ በሚያምነው ሰው በኩል ለብቻው ይጠየቅ፣ ወላጁም ለክስ ሳይሆን ለምክክር ይጠራ። አመሰግናለሁ።