ዘንድሮም ከሀ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ ባደርግ አትቀየሙኝ።

ጥቅምት ሲመጣ እኔን የሆነ ነገር ያደርገኛል። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሊጀመር ነዋ። የኔ ቡድን ደግሞ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እዚሁ ዲሲ። ትናንት ማታ የአዳዲሶቹን ተጫዋቾች ቪዲዮ ስልኬ ላይ ሳይ ባለቤቴ ያዘችኝና "ደግሞ ጀመረህ? ያንተ ነገር እኮ ላም አለኝ በሰማይ ነው" አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ዲሲ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር፣ ቻይናታውን፣ ቡድኑ ከሚጫወትበት አዳራሽ ብዙም የማይርቅ ጋራዥ። አበሻ ሆኖ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ዘመድ የሌለው ካለ እጁን ያውጣ። ጨዋታ ባለበት ማታ ጋራዡ ጢም ይላል። እኔ ጨዋታውን አላይም፣ ግን ውጤቱን ሰው መኪናውን ሊወስድ ከሚመጣበት ሰዓት አውቀዋለሁ። ሁሉም በአንዴ ግር ብለው እየጮሁ ከመጡ አሸንፈዋል። አንድ በአንድ፣ ዝም ብለው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ገና አሥር ደቂቃ ሲቀረው መምጣት ከጀመሩ ግን በቃ፣ ቁልፉን ታቀብላለህ፣ ስለ ኳስ አታነሳም።

ይኼ ቡድን ዝም ብሎ ቡድን አልነበረም። በ1984 የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ የወሰደ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። አሰልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ያንን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ነበር። ኤንቢኤ ላይ የነገሡት ኢዊንግ፣ ሙቶምቦ፣ አይቨርሰን፣ ሁሉም ከዚህ ነው የወጡት። እኔ የደረስኩት ግን ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ግምት እንዴት እንደሚያሳስት የ2021ን ልንገራችሁ። ሲዝኑ ሳይጀመር የሊጉ፣ የቢግ ኢስት አሰልጣኞች ድምፅ ይሰጣሉ፣ ማን የት እንደሚጨርስ። ጆርጅታውንን መጨረሻ አደረጉት፣ ከአሥራ አንድ አሥራ አንደኛ። ያኔ አሰልጣኙ ራሱ ፓትሪክ ኢዊንግ ነበር። መጋቢት ላይ ኒውዮርክ ሄዱና በአራት ቀን አራት ጨዋታ አሸንፈው የሊጉን ዋንጫ ይዘው መጡ! ፍጻሜው ላይ ክሬይተንን 73 ለ 48። ኮሮና ስለነበረ ጋራዡ ባዶ ነው፣ እኔ ብቻዬን በስልኬ እያየሁ ጮህኩኝ፣ ድምፄ ከታችኛው ፎቅ ተመልሶ መጣ።

በቃ፣ ተመለስን ብዬ አሰብኩ። በሚቀጥለው ዓመት በሊጉ አሥራ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫወቱ፣ አሥራ ዘጠኙንም ተሸነፉ። አንድም አላሸነፉም ነው የምላችሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ግምት የሚባል ነገር አላምንም፣ መጥፎውንም ጥሩውንም።

ኢዊንግ በ2023 ተሰናበተ፣ ኤድ ኩሊ መጣ። ኩሊ የፕሮቪደንስ ልጅ ነው፣ እዚያው የተወለደ፣ የከተማውን ቡድን አሥራ ሁለት ዓመት ያሰለጠነ፣ ያውም እዚሁ ሊግ ውስጥ። ትቶ ሲመጣ እኛ አጨበጨብን። አሁን ተጫዋች ሲሄድብን "ከሃዲ" የምንለው ነገር ያስቀኛል፣ እውነቴን ነው። የኩሊ የመጀመሪያ ዓመት 9 ድል፣ 23 ሽንፈት። በሊጉ ሁለት ብቻ አሸነፍን፣ ሁለቱንም ዲፖል የሚባለውን ቡድን። ዲፖል ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? በ2024-25 ሲዝን ግን 18 ድል፣ 16 ሽንፈት ሆነ፣ ካሸነፍነው የተሸነፍነው አነሰ። ያን ሰሞን ቶማስ ሶርበር የሚባል አንደኛ ዓመት ልጅ ነበረን፣ ትልቅ ሰውነት፣ ለስላሳ እጅ። የካቲት ላይ እግሩን ተጎዳ፣ ሲዝኑ አለቀበት። ሰኔ ላይ የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋች ሲመርጡ ኦክላሆማ ሲቲ በ15ኛነት ወሰደው። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ወደድነው፣ ሸኘነው።

የሚከብደኝ ይኼ ነው። "ቡድኑ እየተገነባ ነው" ይላሉ። ቤት ስትሠራ መሠረት ታወጣለህ፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ከዚያ ጣሪያ። እነዚህ ግን በየዓመቱ መሠረቱን ነቅለው ነው የሚጀምሩት። ድሮ ትምህርት ቤት የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት ቁጭ ይል ነበር። በ2021 ቁጭ ሳይሉ አንዴ መቀየር ተፈቀደ፣ በ2024 ደግሞ የፈለገውን ያህል። ከ2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ለተጫዋች መክፈል ይችላሉ፣ ለሁሉም ስፖርት በጠቅላላ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ለልጆቹ ደስ ይለኛል፣ በነሱ ላብ ሌላው ሲበላ ነው የኖረው። ለኔ ለደጋፊው ግን ከባድ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል ነበር፣ አሁን ሁሉም ያጌጠው በሰው ወርቅ ነው።

ዘንድሮ፣ በ2025-26 ሲዝን፣ ምን እጠብቃለሁ? ኬጄ ሉዊስ ከአሪዞና መጥቷል፣ መከላከል የሚወድ ልጅ ነው፣ እሱን ለማየት ጓጉቻለሁ። በሊጉ ካሉት ሃያ ጨዋታዎች አሥሩን ካሸነፉ እኔ ጠግቤያለሁ። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን ማሊክ ማክ አለመሄዱ ነው። እዚሁ ማሪላንድ ያደገ ልጅ ነው፣ ሃርቫርድ አንድ ዓመት ተጫውቶ መጣ፣ አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ከኛ ጋር ሊጫወት ነው። ሁለት ዓመት! በዚህ ዘመን ይኼ ሽማግሌ ነው።

ትልቁ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ አዳራሹ ውስጥ ይዤው ልገባ ነው። "አባዬ፣ የማንን ቁጥር ልልበስ?" አለኝ። ሳላስብ "የማክን" አልኩት። እናቱ ከወጥ ቤት ሆና "ማልያውን አንድ ሳይዝ ከፍ አድርገህ ግዛለት፣ ለከርሞም ይሆነዋል" አለች።

እኔ ግን በልኩ ገዛሁለት።