ቡና፣ የአንጎል ደም እና አይጦቹ

[አራት ኪሎ፣ ጠዋት። ጀበናው ከሰል ላይ ነው።]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ! ገና የመጀመሪያዋን ሲኒ አልቀመስኩም። «ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል» የሚል ሰው እዚህ አካባቢ በየበሩ አለ፣ እውነቱንም ነው። አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ የደም ሥሮችን ያሰፋል። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን መጥቶ ቦታውን ይይዝበታል። ሥሮቹ ጠበብ ይላሉ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ደግሞ ደሙ ይጨምራል፤ የሐራራው ራስ ምታት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ቆይ ግን፣ ደሙ ከቀነሰ ታዲያ ለምን እንነቃለን?

[ምስል፦ የአይጥ አንጎል በኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ ማሽን)]

እዚህ ላይ ነው አይጦቹ የሚመጡት። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ የአይጥ አንጎልን በኃይለኛ ማግኔት ሲያዩ፣ ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም ያለባቸው ሥሮች ጠቁረው ታዩዋቸው። አይጦቹ ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍሱ ጥቁረቱ ጠፋ። የነርቭ ሴሎች ሲሠሩ ኦክስጅን የያዘ ደም ወደ እነሱ ይጎርፋል፣ ጥቁረቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደሙን አይቶ የነርቩን ሥራ መገመት ይቻላል።

መገመት ነው ያልኩት፣ ይቺን ቃል ያዙልኝ። ማሽኑ የሚያየው ደሙን እንጂ ነርቩን አይደለም። ካፌይን ደሙን እየቀነሰ ነርቩን ያነቃቃል፤ ደሙን ብቻ ያየ ሰው አንጎሉ ተኛ ሊል ነው! ስለዚህ አንድ መድኃኒት ምስሉን ሲለውጠው ነርቩን ነው የነካው ወይስ የደም ሥሩን? በእንስሳ ላይ ይህን መለየት ይቻላል፣ ምክንያቱም ቀጭን ሽቦ አንጎሉ ውስጥ አስገብቶ የነርቩን ኤሌክትሪክ ከደሙ ጎን ለጎን መለካት ይቻላል።

[ምስል፦ ማሽኑ ውስጥ የተኛች አይጥ]

ሌላው ጣጣ ማደንዘዣው ነው። አይጥ ማሽን ውስጥ ዝም ብላ አትተኛም፣ ስለዚህ ታደነዝዛለህ። ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኢሶፍሉሬን ራሱ የደም ሥር ያሰፋል! የሚጠናው መድኃኒት ትንፋሽን ካዘገየ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና ሥሮቹን ያሰፋቸዋል፤ የትንፋሹ ለውጥ የመድኃኒቱ ሥራ መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው በጥናቱ ሰዓት ትንፋሽ አብሮ የሚለካው።

አንዳንድ ተመራማሪዎች ማደንዘዣውን ትተው አይጧን ያለማምዷታል። ለቀናት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ የማሽኑን ጩኸት በድምፅ ቅጂ እያሰሟት። እኔ ይሄኛው መንገድ ደስ ይለኛል። ደግሞም የፈራች አይጥ የደም ግፊቷ ይጨምራል፤ እሱም ምስሉ ውስጥ ይገባል።