በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው። ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ መጽሔቱም ታትሟል፤ የደከሙትን ሁሉ አመሰግናለሁ። አሁን ዓመቱን ሙሉ ወዳከራከረን ጉዳይ ልግባ።

ተማሪዎችን በመጠይቅ እየለየን «በዓይን የሚማር»፣ «በጆሮ የሚማር»፣ «በእጅ የሚማር» እያልን መደልደሉን እንቀጥል ወይስ እናቁም? ለአንድ ርዕስ ሦስት ዓይነት ዝግጅት ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ያለበት ማኅበር መምራት ያኮራል። ያ ሁሉ ድካም ባልተረጋገጠ ነገር ላይ መፍሰሱ ግን ያንገበግበኛል።

ተማሪ የሚመርጠው የአማማር ስልት እንዳለው ማንም አይክድም። ጥያቄው በመረጠው ስልት ሲማር የተሻለ ያውቃል ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በዚህ ጥያቄ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን መርምረው በቂ ማስረጃ አላገኙም። ማስረጃ እንዲሆን «በዓይን» እና «በጆሮ የሚማር» ከተባሉት ከየቡድኑ ግማሹ በዕጣ በሥዕል፣ ግማሹ በቃል ይማራል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳል፤ ለአንዱ ቡድን የበጀው ዘዴ ለሌላው ሳይበጅ መገኘት አለበት።

ይህንኑ በየክፍላችን እንድንሞክር አምና ወስነን ነበር። ከደረሱን ውጤቶች አብዛኞቹ ለፍርድ አይበቁም፤ ወይ ፈተናው በዕለቱ ተሰጥቷል፣ ወይ ተማሪው ዘዴውን መውደዱ ብቻ ተጠይቋል። የዕለት ፈተና ያታልላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠ ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት በለጡ።

መጠይቁ ይቀጥል ብላችሁ አጥብቃችሁ የተሟገታችሁ፣ ዛሬ ግን ያልተገኛችሁ አባላት፣ ቃለ ጉባኤው ይደርሳችኋል። ውጤታችሁን ላኩልን። የእኔን አቋም የሚያፈርስ ቢሆንም እዚሁ መድረክ ላይ ይነበባል። ዝምታችሁ ግን ሌሎቻችንን አሥሮ ይዞናል።

ዘዴን የሚወስነው በመጀመሪያ ይዘቱ ነው፤ ካርታ ለሁሉም ይታያል፣ የቃል አነባበብ ለሁሉም ይሰማል። (የማየት ወይም የመስማት ጉዳት ያለበት ተማሪ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ የሚያስፈልገው ድጋፍ በፍጹም አይነካም።) ቀጥሎ የተማሪው ቀዳሚ ዕውቀት ይመጣል። ለጀማሪ እስከ መጨረሻው የተሠራ ምሳሌ ስጡት፤ በሚቀጥለው ምሳሌ የመጨረሻውን እርምጃ፣ ከዚያም ሁለቱን ለእሱ ተዉለት። ለበሰለው ግን ያው የተሠራ ምሳሌ እንቅፋት ይሆንበታል፤ ጥያቄውን ብቻ ስጡት።

የውሳኔ ሐሳቡ አጭር ነው፦ መጠይቁ ይቁም፤ በእሱ ፋንታ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ካለፈው ሳምንት ትምህርት 3 ጥያቄ ደብተር ተዘግቶ ይጠየቅ፤ መልሱም ወዲያው ይታረም። መድረኩን ለውይይት ከፍቻለሁ።