በቶና መሐል መርዶ

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀዩ መብራት በርቷል። በርቷል። ደህና ናችሁ?

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ግን ከፋሲካ ወዲህ አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ስለ ዳንስ ነው። አትሳቁ! ግራ እግሬ እንደምታውቋት ናት። አልተሻላትም።

ጋሼን ታውቁታላችሁ። "አንቱ" ስለው "ገና አላረጀሁም" ብሎ የሚቆጣው። ኩቤው ጋሼ፣ ኩባ ያደገው።

ዶሮው አልቋል። አቦል ተጠጥቶ ቶና እየተቀዳ ነው። እኔ ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኘሁና ሀቫና ዴ ፕሪሜራን ለቀቅኩት። ሁለት ወር ሙሉ የሰበክኳችሁ የአሌክሳንደር አብሬዩ ባንድ፣ የትራምፔተኛው። ጋሼን ላስደስት ነው እንግዲህ። የአገሩን ሙዚቃ ላሰማው!

መሐል ላይ ባሱ ጠፋ። ፒያኖውም ጠፋ።

"ስፒከሩ ተቃጠለ እንዴ?" አለ ጋሼ።

እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ... "አይ ጋሼ፣ ይሄ ቲምባ ነው፣ አዲሱ የኩባ የጭፈራ ሙዚቃ" ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። ባሱ ሆን ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከበሮና ዘፋኞቹ ብቻ ይቀራሉ፤ ተመልሶ ሲገባ ነው ሰዉ የሚያብደው፣ ምናምን። ለማን? ኢስላ ላይ፣ የኩባዋ የወጣቶች ደሴት ላይ፣ ላደገ ሰው። በፈረንጆቹ ከ1979 ጀምሮ ወደዚያ ደሴት ከሄዱት በሺዎች ከሚቆጠሩ የኛ ልጆች አንዱ ነው። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ። እኔ ከዩቲዩብ ነው የተማርኩት።

ግን አያችሁ፣ ጥያቄው ትክክል ነበር። ጋሼ ከኩባ የወጣው በ1988 ነው፣ በፈረንጆቹ። በዚያው ዓመት ነው ሆሴ ሉዊስ ኮርቴስ፣ ያ ኤል ቶስኮ የሚሉት፣ ኤን ጂ ላ ባንዳን ያቋቋመው። "አዲሱ ትውልድ" ማለት ነው። ብዙ ሰው ቲምባን ከዚያ ነው የሚጀምረው። ጋሼ ወጣ፣ ቲምባ ገባ። በር ላይ ተላለፉ። ቶስኮ በሁለቱ ትልልቅ የኩባ ባንዶች፣ በቫን ቫንም በኢራኬሬም፣ ፍሉት ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ ያንን ሁሉ የጃዝ ትምህርት ወስዶ ለሰፈር ጭፈራ አዋለው። የነፋሾቹ ቅጽል ስም "የሽብር ብረቶች" ነገር ነው። በዚህ ስም ንግድ ፈቃድ ሂዱና አውጡ እስቲ።

ከዚያ ሶቪየት ፈረሰች። ኩባ ውስጥ ነዳጅ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ የሚበላ ጠፋ። እና በዚያ ጊዜ ነው ይሄ ሁሉ ባንድ የፈላው። ፓውሊቶ፣ ኢሳክ ዴልጋዶ፣ ባምቦሌዮ። ማኖሊን አለላችሁ፣ ሕክምና የተማረ ሰው፣ "የሳልሳው ሐኪም"። ቻራንጋ ሃባኔራ ደግሞ በ1997 በወጣቶች ፌስቲቫል ላይ ብልግና ነው የተባለ ጭፈራ ጨፈሩና መንግሥት ለ6 ወር ከመድረክ አገዳቸው። ለምን በችግር ጊዜ እንደዚህ ያለ የደስታ፣ የጉራ ሙዚቃ ይወጣል? መልስ ነበረኝ፣ ጽፌውም ነበር። ሆድ ሲጎድል ምናምን የሚል። አሁን ሳነበው ያሳፍራል። ደግሞ ዶላር አለ። በ1993 ዶላር ተፈቀደ፣ ቱሪስት መጣ፣ ሙዚቀኛው ከሐኪሙ በላይ ማግኘት ጀመረ። ስለዚህ ሆድ ብቻ አይደለም... ተውት። ወደ ቡናው ልመለስ።

ቀየርኩት። የ80ዎቹን ቫን ቫን አደረግኩለት።

ጋሼ ሲኒውን አስቀመጠ። ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ሦስት። ከዚያ ሁለት። ሦስት። ከዚያ ሁለት። ክላቬዋን ነው የሚመታት፣ የኩባ ሙዚቃ የሚቆምባትን ምት። እኔ ስድስት ወር ለዳንስ ከፍዬ ያልገባችኝን፣ እሱ ወደ መስኮቱ እያየ ይመታታል። ከዚያ መዝፈን ጀመረ፣ በስፓኒሽ። ዘፈኑ ሀቫና ሰው በዛባት፣ አልቻለችም የሚል ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ቢዘፈን ማንም ትርጉም አይጠይቅም። ድምፁ ሌላ ሰው ሆነ። የልጅ ድምፅ ልበል? አላውቅም።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ። ቃሉ ጠፋው። ጣቱ ግን አላቆመም።

ከዚያ "ፎርሜል አሁንም ባስ ይጫወታል?" አለኝ። የቫን ቫን መሥራች ማለቱ ነው።

እኔ ስልኬ ላይ ነኝ። ቀጣዩን ዘፈን እየፈለግኩ። ቀና እንኳ አላልኩም። "ፎርሜል? ሞቷል እኮ። 2014።"

"ፑፒስ?" የያኔው ፒያኒስታቸው።

"እሱም። 2022።"

"ቶስኮ... ፍሉት ይነፋ የነበረው?"

"እሱም በዚያው ዓመት።"

ልክ እንደ ጉግል። ሦስት ሰው። በአንድ ትንፋሽ።

"የማን ሞት ነው የምታወሩት?" አለች እናቴ ከማድቤት።

መርዶ በኛ ቤት እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በሌሊት ነው፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ። የአክስቴን ልጅ ጊዜ እኔ ራሴ ከበር ቆሜያለሁ። "ድንገት እንዳትነግሯት" ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። አሁን ሙዚቀኛ ነው፣ ዘመድ አይደለም፣ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ግን ወላጆቹን የማያስታውስ ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ በመርከብ ተጭኖ የማያውቀው ደሴት ሲደርስ፣ ቅዳሜ ማታ ከትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ሙዚቃ... ምንህ ነው ይባላል? ስሙ ምንድን ነው?

"ባንዱስ?" አለ ጋሼ።

"ባንዱ አለ። የፎርሜል ልጅ ሳሙኤል ነው የሚመራው፣ ድራመሩ።"

"ጥሩ" አለ። የቀዘቀዘውን ቶና ጠጣ።

የቫን ቫን ስም ከዚያ የ1970 የስኳር ዘመቻ መፈክር ጋር ይያያዛል ይባላል፤ 10 ሚሊዮን ቶን እናመርታለን ያሉት ጊዜ። 8 ሚሊዮን ተኩል ላይ ቀሩ። ዕቅዱ ከሸፈ፣ ባንዱ ይኸው ከ50 ዓመት በላይ። ይሄን ቀልድ ለጋሼ አዘጋጅቼለት ነበር። ሳልነግረው እንግዶች ገቡ፣ ተሳሳምን፣ ወንበር ተጎተተ። በቃ።

ትናንት ደወልኩለት። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር መሰለኝ። አርባ ደቂቃ ስለ መኪናው ጎማ አወራን። ልንሰነባበት ስንል ዝም አለና፣ "ፑፒ ግን... ምን ሆኖ ነው?" አለኝ።

እጄ ስልኬን ሊፈልግ ሄደ፣ ላየው። ለካ ጆሮዬ ላይ ነው። እና እዚያ... "ጋሼ፣ ነገ ልምጣ?" አልኩት። "ጎማው ካልተቀየረ ቤት ነኝ" አለ። ነገ ማለት እንግዲህ ዛሬ ነው። አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል፣ እኔ ይኸው እናንተን...