የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አቶሞች የተቀመጡበት ብርሃን ሲነቀነቅ

እጅግ ስለቀዘቀዙ አቶሞች ካደረግነው ውይይት በኋላ ብዙ አድማጮች ደውለዋል። ለሦስቱ ጥያቄዎች የፊዚክስ ባለሙያችን የሰጡት መልስ እነሆ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አቶሞች በብርሃን ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ብርሃኑ ይነቀነቃል ብላችኋል። መነቅነቁ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ሁለት የሌዘር ጨረሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ ብርሃኑ ደመቅ ፈዘዝ እያለ በእኩል ርቀት ይደረደራል። አቶሞቹ በዚህ ፍርግርግ ጎድጓዳ ቦታዎች ላይ ያርፋሉ። ሌዘሩ የ1064 ናኖሜትር ከሆነ በጎድጓዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሹ፣ 532 ናኖሜትር ነው። አቶሙ ግድግዳውን የሚዘልበት ጉልበት የለውም። በኳንተም ሕግ ግን ግድግዳውን ሾልኮ ጎረቤት ጋ ይገኛል።

አሁን ፍርግርጉን በፍጥነትና በእኩል ምት ወዲያ ወዲህ እንነቅንቀው። አቶሙ እያንዳንዱን ንቅናቄ መከተል አይችልም። የሚሰማው አማካዩ ነው። ንቅናቄው ሲበረታ መሹለኩ ይቀንሳል፤ አንድ ልክ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የሚቀጥለው ነው። ንቅናቄውን አሁንም ስንጨምር መሹለኩ ይመለሳል፣ ግን በቀመሩ ውስጥ ያለው ምልክቱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ተገልብጦ። በጣሊያን የፒሳ ተመራማሪዎች በ2007 ይህን በሩቢዲየም አቶሞች አሳይተዋል።

የምልክቱ መገልበጥ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። በኳንተም ሕግ አቶም እንደ ሞገድም ነው፤ የጎረቤታም አቶሞች ሞገዶች መመሳሰሉን ትተው መቃረን ይመርጣሉ። ፍርግርጉ ባለ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ ሦስቱም እርስ በርስ ፍጹም ሊቃረኑ አይችሉም። አንዱ ጥንድ ሲስማማው ሌላው ቅር ይለዋል። በአንዳንድ ማግኔቶች ውስጥ ያለው ውጥረት ይኸው ነው። የሃምቡርግ ቡድን በ2011 በንቅናቄ ብቻ ፈጠረው።

ጥያቄ፦ በብርሃን ላይ ያሉት አቶሞች በማዕድን ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች የሚመስሉልን ከሆነ፣ እውነተኛውን ማዕድን ወስዶ ማጥናት አይሻልም?

መልስ፦ ማዕድኑ የሰጠንን እንጂ የምንፈልገውን አያሳየንም። ለምሳሌ ኤሌክትሮኖች በጣም ኃይለኛ በሆነ የማግኔት መስክ ውስጥ ምን ይሆናሉ? በተራ ክሪስታል ውስጥ ጥያቄው አሥር ሺዎች ቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ) ይጠይቃል። የሆስፒታል ኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። አቶሞች ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌላቸው መስኩ እንደ ኤሌክትሮን አያዞራቸውም። በልኩ የተነቀነቀ ብርሃን ግን ልክ መስክ ውስጥ እንዳሉ ያደርጋቸዋል። ሙኒክ ያሉ ተመራማሪዎችና የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በ2013 አድርገውታል።

ከሁሉ የምወደው ግን የሃልዴን ታሪክ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ዳንከን ሃልዴን በ1988 ኤሌክትሮኖች በንብ ቀፎ ቅርጽ ፍርግርግ ላይ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚገልጽ ሞዴል በወረቀት ላይ ጻፈ። ራሱም ሞዴሉ በተግባር መገኘቱን ተጠራጥሮ ነበር። በ2014 ዙሪክ ላይ ፍርግርጉን ክብ እየሠሩ በመነቅነቅ፣ በፖታሲየም አቶሞች እውን አደረጉት። ሃልዴን ከሁለት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ለፍታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን መነቅነቅ መልሶ አያሞቀውም?

መልስ፦ ያሞቃል። ዋናው ራስ ምታትም ይኸው ነው። ዥዋዥዌን በራሱ ምት ከገፉት ከፍ ከፍ ይላል፤ አቶሞችም የንቅናቄው ምት ከጉልበት ደረጃቸው ጋር ከገጠመ ጉልበቱን ይውጡታል። ስለዚህ ምቱ ከመሹለካቸውና ከመገፋፋታቸው ፍጥነት መብለጥ አለበት። ወደ ላይኛው ደረጃ እንዳያዘልላቸውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ንቅናቄ ይመረጣል። አቶሞቹ እርስ በርስ የማይነካኩ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ሲገፋፉ ግን ሁለቱ ተጋግዘው ጉልበት የሚቀበሉባቸው መንገዶች ይበዛሉ፤ ልናጠናው የምንጓጓው ደግሞ በተለይ ይህንኑ መገፋፋት ነው። ለጊዜው መፍትሔው መሽቀዳደም ነው፦ ሙቀቱ ሳይደርስ ለክቶ መጨረስ።