ማንም የማይፈልገው ራም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከደሴ ነው የማወራችሁ። ዛሬ ስለ አሮጌ ሰርቨር መለዋወጫ ላውራ። ሰርቨር ማለት ብዙ ሰው በአንዴ የሚጠቀምበት ጠንካራ ኮምፒውተር ነው።

ቤቴ ያለው ሰርቨር ዴል ፓወርኤጅ አር720 ነው። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ሞዴል ነው። የሰፈር ተማሪዎች ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚከፍቷቸው መጻሕፍትና የትምህርት ቪዲዮዎች ያሉት እሱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽበት እንቅልፍ አይወስደኝም። አዲስ ዕቃ ደግሞ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ዋጋው አልቀመስ ብሏል።

ያገለገለ ዕቃ ስፈልግ ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር አለ። የሰርቨር ዕቃ የሚረክሰው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው ስለማይጠቀምበት ነው።

ራሙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ እዩት። ዲዲአር3 የሚባለው ትውልድ የሰርቨር ራም ዴስክቶፕ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ግን ኮምፒውተሩ አይነሳም። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት መሳቢያ ውስጥ አየሁና ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የተበላሸ ነው» አለኝ ልጁ። አልተበላሸም፣ ሰርቨር ላይ የሚሠራው፣ ሬጅስተርድ የሚባለው ዓይነት ነው። ነገርኩት። ሰው ዋጋውን ያላወቀውን ዕቃ ዝም ብሎ መውሰድ ሐላል አይመስለኝም። እሱም ሌላ ገዢ እንደማይመጣለት ገባው፤ ተስማማን።

መለየቱ አይከብድም። ራሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት እንደ 12800 ካለው ቁጥር ቀጥሎ አር የሚል ፊደል ካለ ሬጅስተርድ ነው። ዩ ካለ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሁለቱን አንድ ሰርቨር ላይ መቀላቀል አይቻልም። ወረቀቱ ከተላጠ መሃል ላይ ከሌሎቹ የምትለይ አንዲት ቺፕ ፈልጉ። ደግሞ ራም ከማብዛታችሁ በፊት ሲፒዩውን፣ ማለትም ዋናውን ፕሮሰሰር፣ ቁጠሩ። ይሄ ሞዴል 24 የራም መክተቻ አለው፤ አንድ ሲፒዩ ብቻ ካለበት ግን የሚሠሩት 12ቱ ናቸው።

ሃርድ ዲስክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሳስ የሚባለው የሰርቨር ዲስክ ተራ ኮምፒውተር ላይ አይገባም። ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሰካው የላፕቶፕ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ግን ሰርቨሩ ላይ ይሠራል። እሱን ደግሞ የትኛውም ሱቅ ታገኛላችሁ። የሚያስቸግረው ዲስኩ የሚታሰርበት ትሬይ ነው። አዲስ አበባ ካለ ሰው ጠይቃችሁ በአውቶቡስ አስልኩት።

ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላይ ከተቃጠለባችሁ አብሽሩ። ሰርቨሩ ሁለት ይይዛል፣ በአንዱም ይሠራል። ስለዚህ በጥድፊያ አትግዙ። አር620 የሚባለው ሌላው የዴል ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ አር720 ላይ ይገባል። አንዳንዴ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) የሞተ ሙሉ ሰርቨር ዋጋው ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ብዙም አይበልጥም። እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ፤ ትሬዩም፣ ፋኑም፣ ራሙም አብሮ ይመጣል።

ፋን ካልኩ አይቀር፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ይሄን ስሙኝ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። ሰርቨሩ የሚችለው ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ግን ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 30 ይወርዳል። እኛ ጋ ብርዱ ያግዘናል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ቀላል አይደለም። እዚያ የደከመ ፋን ይዞ መቆየት አያዋጣም።

ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ያው ሞዴል አለው። ሲጎድለኝ ይሰጠኛል፣ ሲጎድለው እሰጠዋለሁ። ሰርቨር ልትገዙ ካሰባችሁ ከሁሉ በፊት በከተማችሁ ማን ምን ሞዴል እንዳለው ጠይቁ። አር720 ወይም አር620 ያላችሁ ደግሞ ድምፃችሁን አሰሙኝ። ትርፍ ባለ 8 ጊጋ ራም አለኝ፤ እኔ የምፈልገው ለ2.5 ኢንች ዲስክ የሚሆን ትሬይ ነው።