ጽጌረዳው ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ዘንግ?

የተከበራችሁ የአበባ አብቃዮች፣ ባለሱቆችና እቅፍ አበባ ሠሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

አገራችን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት፤ ከምንልከውም አብዛኛው ጽጌረዳ ነው። ከዝዋይና ከሆለታ ተቆርጦ በቦሌ ይጫናል፤ ከዚያም ስማቸውን እንኳ በማናውቃቸው ፍቅረኞች እጅ ይገባል። የፍቅር ቀን ሲባል ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ፌብሩዋሪ 14ን፣ በእኛ የካቲት 7ን ብቻ ነው። ዓለም በዚያች አንድ ቀን ብቻ አይፋቀርም፤ አበባም በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ቋንቋ አይናገርም። የአፍሪካ ኅብረትና የብዙ ኤምባሲዎች መቀመጫ በሆነች ከተማ ለሚሸጥ ሰው ይህን ማወቅ የሙያው አካል ነው።

ለእኛ ከሁሉ በሚቀርበው ልጀምር። በስፔን፣ በካታሎንያ ምድር፣ የፍቅረኞች ትልቁ ቀን ኤፕሪል 23 ነው። ሳንት ዦርዲ ይሉታል፤ የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። እነሱ በኤፕሪል 23፣ እኛ በሚያዝያ 23 እናከብረዋለን፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ በመካከሉ ስምንት ቀን አለ። በእኛ ሥዕል ልዕልቲቱ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ዘንዶው ሲወጋ ታያለች። የካታሎንያው ትውፊት አንድ ነገር ይጨምራል፦ ከዘንዶው ደም ጽጌረዳ በቀለ፤ ጊዮርጊስም ቆርጦ ለልዕልቲቱ ሰጣት።

ቀድሞ ወንዱ ጽጌረዳ፣ ሴቷ መጽሐፍ ይሰጣጡ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም ሁለቱንም ይሰጣሉ። መጽሐፉ የመጣው የስፔን የመጽሐፍ ቀን እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ኤፕሪል 23 ከተዛወረ በኋላ ነው። በዚያች ዕለት የባርሴሎና ጎዳናዎች በጠረጴዛ ይሞላሉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ጽጌረዳ በአንድ ቀን ይሸጣል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። አንድ ቀይ ጽጌረዳ፣ አንድ የደረቀ የስንዴ ዛላ፣ ቢጫና ቀይ መስመር ያለው ሪባን፣ ከላይ መጠቅለያ ላስቲክ። ስንዴው የፍሬያማነት ምልክት ስለሆነ አይቀርም። ዛላውን ከአበባው ራስ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጺሙ የአበባውን ቅጠል ከቧጨረ የተነካው ቦታ ይጠቁራል። ሪባኑ ዘንጉን ሳይጨፈልቅ ይታሰር። ላስቲኩ ከላይ ክፍት ይሁን። ከተዘጋ ወበቁ ውስጥ ይታፈናል፤ አበባው ላይ ጠል ይቋጥራል፤ ግራጫ ሻጋታም የሚነሳው ከዚያ ጠል ነው። ከብርድ ክፍል የወጣ አበባ ወዲያው ሲጠቀለልም ይኸው ይደርስበታል፤ ላዩ እስኪደርቅ ጠብቁት።

ስለ ቁጥር ደግሞ ልናገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደርዘን ጽጌረዳ ለብዙ አገር ሰው ሙሉ ስጦታ ነው። ለሩሲያ ወይም ለዩክሬን ሰው ግን ጥንድ ቁጥር የቀብር ነው፤ ለምትወደድ ሴት 11 ወይም 13 እንጂ 12 አይሰጥም። ለቻይና ሰው 99 ዘንግ ዘላለማዊ ፍቅር ነው፤ ዘጠኝ የሚለው ቃል ረጅም ዘመን ከሚለው ጋር በድምፅ ይገጥማልና። አራት ከሞት ጋር ስለሚገጥም ይራቅ። ቻይናውያን ከፌብሩዋሪ 14 ሌላ ቺሺ የሚሉት የፍቅር ቀን አላቸው፤ በጨረቃ አቆጣጠራቸው የሰባተኛው ወር ሰባተኛ ቀን ስለሆነ በፈረንጅ ቀን አቆጣጠር በየዓመቱ ይዘዋወራል።

በብራዚል ቀኑ ጁን 12፣ በእኛ ሰኔ 5 ነው፤ የቅዱስ አንቶኒዮስ ዋዜማ። በጃፓን ፌብሩዋሪ 14 ቀን ቸኮሌት የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ ወንዱ ምላሹን በወሩ፣ ማርች 14 ይመልሳል። ስለዚህ ሰጪው ሁልጊዜ ወንድ ነው ብላችሁ ካርዱን አስቀድማችሁ አትጻፉ።

እስራኤል ውስጥ ዘመድ ያላችሁ በአይሁድ አቆጣጠር አብ በሚባለው ወር 15ኛ ቀን የሚውለውን የፍቅር ቀን ትሰሙ ይሆናል። ሚሽና በሚባለው በጥንቱ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ እንደተጻፈው የኢየሩሳሌም ልጃገረዶች በዚያ ቀን ነጭ ለብሰው በወይን ቦታ ይጨፍሩ ነበር። ልብሱ ግን የየራሳቸው አልነበረም፤ የሌላት እንዳታፍር ሁሉም የተዋሱትን ይለብሱ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ለምንል ለእኛ ይህ ልብ የሚነካ ሥርዓት ነው። የእኛም ጥምቀት የራሱ የፍቅር ምልክት አለው፤ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። ሎሚ በየገበያው አለ፤ በጥር ወር ከነጭ ጽጌረዳ ጋር በእቅፍ ገብቶ ባይ ደስ ይለኛል።

ሎሚ ለውኃውም ይበጃል። አበባ አንገቱን የሚደፋው ብዙ ጊዜ ውኃ አጥቶ አይደለም፤ የዘንጉ ቧንቧ በአየር ወይም በባክቴሪያ ስለተደፈነ ነው። ገና እምቡጥ ሳለ ያለጊዜው የተቆረጠም አንገቱ ስለሚላላ ይደፋል። ከዘንጉ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ እንዳለ በሰያፍ ቁረጡ፤ ውኃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ አንሱ። ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ይበቃል። ስኳሩ ይመግበዋል፤ ሎሚው ውኃው በዘንጉ እንዲወጣ ያግዛል፤ በረኪናው ባክቴሪያውን ይገድላል። ሎሚና በረኪና ግን ለየብቻ ውኃው ውስጥ ይግቡ፤ ሳይቀጥኑ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። ስኳሩን ያለ በረኪና መጨመርም ባክቴሪያውን መቀለብ ነው።

ባልዲውና መቁረጫው፣ የስንዴ ዛላውም ከኋላ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ተዘጋጅቷል። አምስት አምስት ሆነን እንቀመጥና የሳንት ዦርዲን ጽጌረዳ እንሥራ። አመሰግናለሁ።